ያለ እናቷ የበረረች

በሰሜኑ በረዷማ ጠረፍ ባለችው መንደራችን በታሲራሉክ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሕፃን አዋቂው ጣቱን የሚቀስረው ከባሕሩ ፊት ለፊት ወደቆመችው ሰማያዊ ቤት ነበር። ቤቷ እንደ መንደሩ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ናት። መስኮቶቿ በነፋስ ይንኳኳሉ፤ ያሏት ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ በሁለቱ ክፍሎች አራት ነፍስ ይኖር ነበር። ፑቱሊክ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከደጅ ደጅ እየዞረ የሰዉን ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ቅዳሜና እሁድ የበረዶ ሞተሩን አስነስቶ አጋዘንና አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ያድናል። ሚስቱ ሲያሲ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ታበስላለች። የሲያሲ አባት ሽማግሌው ሉካሲ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከለስላሳ ድንጋይ ወፍ ይቀርጻሉ። አራተኛዋ ደግሞ... አራተኛዋ ኒቪ ነበረች።

ኒቪ አራት ዓመቷ ነው። የያዘችው የሟች አያቷን፣ የፑቱሊክን እናት ስም ነው። በእኛ ዘንድ ስም ባዶውን አይወረስም፤ የሟቹን ዝምድና ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ያ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ የገዛ ልጁን «እናቴ» እያለ ነበር የሚጠራት። ከሥራ ሲገባ ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ እግሩን ይዘረጋላታል።

«እናቴ፣ ልጅሽ ዛሬ ደክሞታል። ጫማውን አታወልቂለትም?»

«በረዶ ይዘህ ገባህ!» ትለዋለች ወገቧን ይዛ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ? ስንት ጊዜ?»

ሽማግሌው ሉካሲ ከመስኮቱ ሥር ይስቃሉ። «ፑቱሊክ፣ እናትህ ያኔም ቁጡ ነበረች። ዛሬማ ብሳለች!»

እንዲህ ነበሩ። ብዙ አልነበራቸውም፤ የጎደለባቸው ነገር ግን አልነበረም። ታዲያ ደስታ ለምን ይሆን ረዥም ዕድሜ የማይሰጠው?

በመጋቢት ወር መጀመሪያ ኒቪ ጆሮዬን አመመኝ አለች። ሲያሲ ልጅ በሚታዘልበት ሰፊ የካፖርቷ ቆብ ውስጥ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። መንደራችን ሐኪም የለውም። ሐኪም በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ሰማዩ ከፈቀደ፣ በአውሮፕላን ይመጣል። በቀሪው ጊዜ ያሉት ከደቡብ መጥተው ሁለት ወር ሠርተው የሚመለሱ ነርሶች ናቸው። ያን ሰሞን የነበረችው ሚሬይ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ከደጇ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች፣ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠች፣ «ያልፍላታል» አለች። አላለፈላትም። በሦስተኛው ቀን ሲያሲ መልሳ ወሰደቻት፤ ያው ሽሮፕ፣ ያው ቃል። በደቡብ ባሉት ከተሞች አንዲት ሕፃን ጆሮዋን ስትታመም እናቷ መኪና አስነስታ በግማሽ ሰዓት ሐኪም ፊት ታደርሳታለች። በአንድ አገር፣ በአንድ ሰንደቅ ሥር የሚኖሩ ሁለት ሕፃናት ጆሮ እኩል አይታመምምን? ቶሎ የሚታከመው ግን የማን ጆሮ ነው?

ማክሰኞ ጠዋት ኒቪ አንገቷን ማዞር አቃታት። ብርሃን ስታይ ትጮህ ጀመር። ሚሬይ በዚህ ጊዜ ፊቷ አመድ መሰለ፤ በስልክ ከሩቅ ሐኪም ጋር ተነጋገረችና ወደ ሲያሲ ዞረች።

«ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። አውሮፕላን ጠርተናል።»

«ሁለት ጊዜ አምጥቻት ነበር» አለች ሲያሲ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ሁለት ጊዜ።»

ሚሬይ አንገቷን ደፋች።

የሕክምናው አውሮፕላን ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጠር በለበሰችው ማረፊያችን ላይ አረፈ። ሲያሲ የኒቪን ሁለት ልብስና አንድ ብርድ ልብስ በቦርሳ ይዛ፣ ቃሬዛው ላይ የተጋደመችውን ልጇን እጅ ጨብጣ እስከ ደረጃው ተራመደች። በሩ ላይ የቆመው የበረራ ነርስ መዳፉን ዘረጋባት።

«ወላጅ አይሳፈርም።»

«ምን አልክ?»

«ደንብ ነው፣ እመቤት። በመደበኛው በረራ ይከተሉን።»

«መደበኛው እኮ የሚመጣው ሐሙስ ነው! አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ቋንቋ ሌላ አንዲት ቃል አታውቅም። ምን እንደሚያማት ማን ይነግራችኋል?»

«ይገባኛል። ግን ደንብ ነው።»

ቃሬዛው ገባ። ያኔ ኒቪ የእናቷ እጅ ከእጇ እንደወጣ አወቀች። «አናና!» ብላ ጮኸች። አናና በእኛ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው። «አናና! አናና!» ሲያሲ የአውሮፕላኑን በር ጠርዝ በሁለት እጇ ጨመደደችው። ሰዎቹ ለመኗት፤ አልለቀቀችም። አብራሪው አንገቱን አውጥቶ ፖሊስ ይጠራ አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ በረዶው ይበናል፣ ልጅቷ ትጣራለች... በዚያ መሐል ከኋላዋ ሁለት ትልልቅ እጆች መጥተው ጣቶቿን አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ አላቀቁ። የሌላ የማንም እጆች አልነበሩም፤ የፑቱሊክ እጆች ነበሩ።

«ተይ ሲያሲ... ተይ። ባዘገየናቸው ቁጥር የምትጎዳው እሷ ናት። ልቀቂያቸው ይሂዱ።»

በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ወደ ደመናው ሲገባ ሲያሲ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች። ፑቱሊክ ሊያነሳት ጎንበስ ቢል እጁን ገፋችው። በትዳራቸው ውስጥ እጁን ስትገፋው የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች።

ረቡዕ ማዕበል ተነሳ። ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ ሰማይና ምድሩን አንድ አደረገው፤ ስልኩም ተቋረጠ። ሐሙስ ሊመጣ የነበረው በረራ ቀረ። ሲያሲ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በአውሮፕላን ማረፊያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ነጭ ሆኖ የጠፋውን መስኮት ታያለች። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ሠራ። ኒቪ ወደተወሰደችበት የደቡብ ሆስፒታል ደወለች፤ አንዲት ሶላንዥ የምትባል ነርስ አነሳች። ሲያሲ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ የኒቪ እናት ነኝ አለቻት።

«እመቤት፣ እንኳን ደወሉ!» አለች ሶላንዥ። ድምፅዋ ደግ ነበር። «አሁንም በጣም ታማለች፤ አልዋሽዎትም። መድኃኒቱን እየሰጠናት ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አናናስ በጣም ትወዳለች አይደል?»

«ምን?»

«አናናስ። ከመጣች ጀምሮ ሌላ ቃል አልወጣትም፤ ሌት ተቀን አናናስ፣ አናናስ ትላለች። ቆራርጠን አቀረብንላት፤ ጭማቂውንም በማንኪያ ሞከርን። ፊቷን ታዞርና ታለቅሳለች፤ ከዚያ እንደገና ትጠይቃለች። ምናልባት ሌላ ዓይነት ለምዳ ይሆን ብዬ ነው...»

አናናስ? ኒቪ አናናስ ቀምሳ አታውቅም። ወደ መንደራችን ሱቅ እንዲህ ያለ ፍሬ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ያኔም ዋጋውን አይቶ የማያልፍ የለም። ታዲያ ልጄ ያላየችውን ፍሬ ስም ከየት... ከየት አመጣችው? ቃሉን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እንደሚሉት፣ የመጨረሻዋን «ስ» ሳትጨምር፣ በልቧ አንድ ጊዜ ደገመችው። ሁለተኛ ደገመችው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በኋላ እንደነገሩን፣ በዚያች ቅጽበት ከሲያሲ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«አናናስ አይደለም! እማዬ ነው የምትለው! እኔን ነው! እኔን ነው የምትጠራው!»

መስመሩ ተቋረጠ። ማዕበሉ እስኪያልፍ ድረስ ስልኩ ዳግም አልሠራም።

ቅዳሜ ሰማዩ ተከፈተ። ሲያሲ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ደጅ ደረሰች። ሶላንዥ በኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ፀጉሯ ያልተበጠረ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት። ሲያሲ ፊቷን ስታይ ቦርሳው ከእጇ ወደቀ።

ኒቪ ያረፈችው ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ከባዶው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ሶላንዥ የአልጋውን አንሶላ በእጇ ዳበሰች። ከዚያ፣ «ስልኩ ሳይቋረጥ 'እኔን ነው' ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «እመቤት፣ ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳስታምም ኖሬያለሁ። ያን ቀን የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። የተራዬ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ከአጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና 'አናና፣ አናና' አልኳት። ከእናንተ ቋንቋ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እኔ እርስዎ እንዳልሆንኩ አውቃለች። ግን ጣቴን ጨበጠችው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም።»

ሲያሲ ቀና አለች። እንባ አልነበራትም።

«የቱን ጣት?»

ሶላንዥ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ዘረጋች። ሲያሲ ጎንበስ ብላ ጣቷን ሳመችው። ያኔ ሁለቱም አለቀሱ።

ኒቪን ይዞ የሚመለሰው አውሮፕላን ላይ ሲያሲ ከልጇ አስከሬን ጋር ስትሳፈር ደንብ አለ ብሎ እጁን የዘረጋባት ማንም አልነበረም። ያች ልጅ በሕይወት ሳለች የተነፈጋትን አጃቢ ስትሞት ተፈቀደላት! መሬታችን በመጋቢት እንደ ብረት ነው፤ አይቆፈርም። ፑቱሊክና ጎረቤቶቹ ከኮረብታው ድንጋይ እየተሸከሙ በላይዋ ከመሩ። ሰው ሁሉ ሲወርድ ፑቱሊክ ብቻውን ቆሞ ቀረ። «እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት» አለ፤ ለማንም አልነበረም ያለው።

ከዚያ በኋላ ያቺ ሰማያዊ ቤት ዝም አለች። ባልና ሚስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ይቀዳሉ፤ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ጠዋት ፑቱሊክ ጫማውን ሲያስር ሲያሲ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እጄን ያላቀቅከው አንተ ነህ።»

«ሲያሲ...»

«እነሱ አይደሉም። እነሱማ አልነኩኝም። አንተ ነህ።»

ፑቱሊክም ራሱን የሚከሰው በዚሁ ነበር። በዚያው ሳምንት የቦቴውን ቁልፍ ለአለቃው አስረክቦ፣ ከመንደሩ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቀው የወንዝ አፍ የአደን ጎጆው ሄደ። ያጠመደውን ዓሣ በሚያልፍ አዳኝ እጅ ይልካል፤ ራሱ ግን አይመጣም። ልጅ በሞተበት ቤት ፍቅር ቢሞት ማን ይገረማል? ሁለት ሰዎች አንድ ሐዘን ለሁለት መሸከም ሲችሉ፣ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ለብቻቸው ተሸከሙት።

ሽማግሌው ሉካሲ ልጃቸው ቀን ከቀን እንደ ሻማ ስትቀልጥ እያዩ ብዙ ሳምንት ታገሡ። በኋላ አንድ ከሰዓት መቅረጫቸውን አስቀመጡና ወደ አጠገባቸው ጠሯት።

«መርከቡ ሲመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ። «የሳንባ ነቀርሳ ሐኪሞች የጫነው መርከብ። እናቴን ራጅ አነሷት፤ እጇ ላይ ቁጥር ጻፉባት፤ በዚያው ወደ ቤት ሳትመለስ ወሰዷት። ከመርከቡ ላይ ሆና እጇን አውለበለበችልኝ። ዳነች ያለኝ የለም። ሞተች ያለኝም የለም። የት አፈር እንደለበሰች ዛሬ ሽማግሌ ሆኜም አላውቅም።»

«አባዬ... ይኼን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ጨዋ ሆኜ ኖርኩ፤ እነሱም በጨዋነቴ የልጅ ልጄን ደገሙኝ። ልጄ፣ አንቺ ጨዋ አትሁኚ።»

በማግስቱ ሲያሲ ወደ መንደራችን ሬዲዮ ጣቢያ ሄደች። ጣቢያው አንዲት ክፍል ናት፤ የቢንጎ ጨዋታ፣ የአዳኞች ወሬ፣ የልደት ምኞት የሚተላለፍባት። ማይክሮፎኑን ይዛ የሆነውን ሁሉ፣ ከጆሮ ሕመሙ እስከ አናናሱ፣ ሳትቸኩል ተናገረች። ስትጨርስ፣ «ልጃችሁ ብቻውን የበረረባችሁ ካላችሁ ደውሉ፤ ስማችሁን ልጻፍ» አለች።

ስልኩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አላቆመም። አንዲት ሴት የስድስት ወር ጡት ጠቢ ልጇን በቃሬዛ አስረክባ፣ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ከማረፊያው እንደተመለሰች ተናገረች። ሌላዋ፣ «ልጄ ሁለት ወር ቆይቶ ሲመለስ አላወቀኝም፤ ጠራሁት፣ ቋንቋዬን ረስቶት ነበር» አለች። አንዲት ባልቴት ደውላ ስም ብቻ ተናገረች፤ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተ ልጇን ስም፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋች። ከሌሎች መንደሮች ሳይቀር ተደወለ። ሲያሲ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ እጇ ሲደክም ጣቢያዋን የምታንቀሳቅሰው ሴት ትቀበላታለች። በመጨረሻ ከአዳኞች ጎጆ የሚያገናኘው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ሴትየዋ ማይክሮፎኑን አስጠጋችው።

«ስሜ ፑቱሊክ ነው» አለ ድምፁ። «የኒቪ አባት ነኝ። ሲያሲን ከአውሮፕላኑ በር ያላቀቅኳት እኔ ነኝ። አራት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ማንም አልነካትም፤ እኔ ነኝ። ደንብ ነው ሲሉኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ልጄን የሚያተርፋት መስሎኝ ታዘዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጆቼን ማየት እጠላለሁ። የምትጽፉ ከሆነ የእኔንም ስም ጻፉ።»

ሲያሲ እርሳሱን አነሳችና ስሙን ጻፈች። ምንም አልመለሰችለትም።

ያ ደብተር ብዙ አገር ዞረ። ኦዲል የምትባል የደቡብ የሕፃናት ሐኪም ደብዳቤ ጻፈችላት፤ እሷም ለብቻዋ ስትቆጥር የኖረች ነበረች፤ በእጃቸው አንጓ ላይ ወረቀት ብቻ ታስሮ፣ ያለ ዘመድ ከሰሜን የሚደርሱትን ሕፃናት። ሁለቱ ተባብረው ያልጻፉበት ቢሮ የለም። መልስ ይመጣል፤ ቦታ ጠባብ ነው ይላል። ሌላ መልስ ይመጣል፤ ጉዳዩ እየታየ ነው ይላል። ክረምት ሄደ፣ ክረምት መጣ። ሽማግሌው ሉካሲ በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ፣ ያልጨረሱት የድንጋይ ወፍ ጭናቸው ላይ እንዳለ፣ በወንበራቸው ላይ አረፉ። ፑቱሊክ ለቀብራቸው መጣ፤ ድንጋይ ተሸከመ፤ ለሲያሲ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ተመለሰ። ሲያሲ አሁን በቤቷ ብቻዋን ነበረች።

በመጨረሻ በዋናው ከተማ ለጉዳዩ ሸንጎ ተሰየመ። ሲያሲ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ከባለሥልጣኖቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወይዘሮ ሲያሲ፣ ሐዘንዎን እንካፈላለን። ነገር ግን መረዳት ያለብዎት ነገር አለ። በእነዚህ በረራዎች አንዳንድ ወላጆች... እንዴት ልበልዎት... በማይገባ ሁኔታ፣ ጠጥተው የሚመጡ አሉ።»

ሲያሲ ሰውየውን ትኩር ብላ አየችው። ድምፅዋ ሻይ ቅዳልኝ እንደሚል ሰው የረጋ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ በሕይወቴ አንድ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። ግን ጠጥቼ ነበር እንበል። በእናንተ ከተማ አባቷ የሚጠጣ ልጅ አለች? አለች። ያቺ ልጅ ስትታመም ብቻዋን ትሙት የሚል ደንብ ጽፋችሁላታል?»

ባለሥልጣኑ ወረቀቱን አገላበጠ።

«እኔ አብሬያት ብሆን ልጄ ትድን ነበር አላልኩም» አለች ሲያሲ። «የሆስፒታሉ ሐኪም አጠገቧ ብትኖሪም ባትኖሪም ላትተርፍ ትችል ነበር ብሎኛል፤ አምኜዋለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የእናንተ ልጆች ሲታመሙ የሚያዩት የማንን ፊት ነው? የእኛም ልጆች ያንኑ ይዩ። ሌላ አልጠየቅኩም።»

ደንቡ የተለወጠው በየካቲት ነው። ወረቀቱ ወደ ጤና ጣቢያው በፋክስ መጣ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። አንድ ወላጅ ከልጁ ጋር ይሳፈራል ይላል። ሲያሲ ቆማ አነበበችው፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ተመልሳ የትምህርት ቤቱን ምሳ ሠራች። ይህ ሁሉ ዘመን የተለቀሰለት ነገር ይህን ያህል አጭር ነበርን?

ሰኔ ላይ የባሕሩ በረዶ መሰንጠቅ ሲጀምር የአላሲ ሕፃን ታመመ። አላሲ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ናት፤ ከመንደራችን ወጥታ አታውቅም። የዘጠኝ ወር ልጇ ደረቱ እየተሰረጎደ ይተነፍሳል። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ አረፈ። በር ላይ የቆመው ነርስ ወረቀቱን አየና ቀና አለ።

«እናቱ ማናት? ይግቡ።»

አላሲ አውሮፕላኑን እያየች ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አልችልም... እኔ እንደነሱ መናገር አላውቅም። ከሐኪም ጋር ምን እላለሁ? ሌላ ሰው ይሂድለት፤ አንቺ ሂጂ ሲያሲ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ!»

ሲያሲ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። «ስሚኝ እህቴ። ከሐኪም ጋር ምንም አትበይ። አጠገቡ ቁጭ በይና ስሙን ብቻ ጥሪው። እሱ የሚፈልገው ይኼን ነው፤ ይኼን ከአንቺ በላይ የሚያውቅለት ሰው የለም። በይ ግቢ።»

አላሲ ገባች። በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል ልጇ ላይ ስታጎነብስ ታየች፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ጠጠሩን እያስፈነጠረ ሄደ።

ሲያሲ ሰማዩን እያየች ቆመች። ከነዳጅ በርሜሎቹ ጀርባ የውሃ ቦቴው ቆሞ ነበር፤ ፑቱሊክ ከፋሲካ ጀምሮ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የሚያድረው ግን በወንድሙ ቤት ነው። ከቦቴው ወርዶ ቀስ እያለ መጣና ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሁሉንም አይቷል። ያን ግዙፍ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሽበት ወሮታል።

«ሲያሲ» አለ። «ያን ቀን ባልይዝሽ ኖሮ...»

«ባትይዘኝም አይወስዱኝም ነበር» አለች። ወደ እሱ ሳትዞር ነበር የተናገረችው። «ፖሊስ ይመጣ ነበር። እሷም እኔን ሲጎትቱኝ እያየች ትሄድ ነበር። አውቃለሁ ፑቱሊክ። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። ግን የማውቀው ስም ያንተ ብቻ ነበር... የሌሎቹን ስም አላውቀውም፤ የምጠላው ሰው አጣሁ።»

ፑቱሊክ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲያሲ አጠገቡ ቁጭ አለች። እጆቹን ከፊቱ ላይ አወረደችና በእጇ ያዘቻቸው፤ እነዚያን ማየት የሚጠላቸውን እጆች። እስኪበርዳቸው ድረስ እዚያው ቆዩ።

የአላሲ ልጅ በአሥራ አንደኛው ቀን ድኖ ተመለሰ። ዛሬ በመንደራችን መንገድ ላይ ቡችሎችን እያሳደደ ይሮጣል፤ ለሰማያዊዋ ቤት ሰዎች ጭራሽ ሰላምታ የማይሰጥ ባለጌ ሆኗል ብላ እናቱ ትሥቃለች።

የሰው ዕጣ በግንባሩ ተጽፏል ይባላል። እኔም ሞትን የሚጽፍ ሌላ እጅ እንዳለ አምናለሁ፤ ኒቪ ያን ዓርብ እንድትሞት ከላይ ተጽፎላት ከነበረ ማን ይከራከራል? እናቷን እየተጣራች ፍሬ እየቀረበላት መሞቷ ግን በየትኛው ግንባር ላይ ተጽፎ ነበር? እሱ ግንባር ላይ አልነበረም። ወረቀት ላይ ነበር። የጻፈውም የሰው እጅ ነው፤ የሰው እጅ የጻፈውን ደግሞ የሰው እጅ ይሰርዘዋል። ተሰርዟልም። ለአላሲ ልጅ ደረሰለት፤ ነገ ለሚወለዱትም ይደርስላቸዋል።

ለኒቪ ግን ሁለት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ዘገየ።